ለምጽ፣ ማድያት እና የአንቲኦክሲዳንት ተስፋ

«አንቲኦክሲዳንት» የሚለው ቃል ከላቦራቶሪ ወጥቶ የመዋቢያ ሱቆችን መደርደሪያ ከሞላ ሰነባብቷል። በቫይታሚን ሲ ሴረም ብልቃጥ ላይ ተጽፏል፣ በግሉታታዮን ክኒን ካርቶን ላይ ተጽፏል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያዎች ደግሞ ለምጽ የወጣበት ወጣትና ማድያት ያስቸገራት እናት እኩል ይጠሩበታል። መልእክቱ አጭር ነው፤ የቆዳችሁን ቀለም ያበላሸው «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ» የሚባል ነገር ነው፣ መድኃኒቱም አንቲኦክሲዳንት ነው፣ ስለዚህ ዋጡት፣ ተቀቡት፣ ተወጉት። የዚህ መልእክት የመጀመሪያ ግማሽ በአብዛኛው እውነት ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተካሄደ ምርምር ይደግፈዋል። ሁለተኛው ግማሽ ግን ከመጀመሪያው በቀጥታ አይከተልም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን፣ ጊዜውንና አንዳንዴም ጤናውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። በእኔ እምነት ይህ ሳይንስ ለታካሚ ያበረከተው ትልቁ ነገር ቆዳውን ከምን መጠበቅ እንዳለበትና ሕክምናውን መቼ መጀመር እንዳለበት ማሳወቁ ነው። ክኒኑ ከዚያ በኋላ የሚመጣ፣ ያውም የረዳትነት ቦታ ብቻ ያለው ነገር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ቀለም የሚሠሩትን ህዋሳት ማወቅ ያስፈልጋል። ሜላኖሳይት ይባላሉ። በላይኛው የቆዳ ንጣፍ ግርጌ ተቀምጠው ሜላኒን የተባለውን ቀለም ይሠራሉ፤ የሠሩትንም በጥቃቅን ከረጢቶች እየሞሉ በዙሪያቸው ላሉ ሌሎች የቆዳ ህዋሳት ያድላሉ። አንድ ሜላኖሳይት ሠላሳ ስድስት ያህል ጎረቤት ህዋሳትን ቀለም ይመግባል። ጥቁርም ሆነ ነጭ ሰው ያለው የሜላኖሳይት ብዛት ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከሚሠሩት ሜላኒን መጠንና ዓይነት ነው። ሥራው የሚጀምረው ታይሮሲን ከተባለ አሚኖ አሲድ ሲሆን፣ ታይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም በኦክስጅን እየታገዘ ደረጃ በደረጃ ወደ ቀለም ይለውጠዋል። ችግሩ ይህ ሥራ በራሱ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። በማገዶ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ጭስ እንደማያጣ ሁሉ፣ ሜላኒን በሚሠራበት ህዋስ ውስጥም እንደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያሉ፣ ያገኙትን ፕሮቲንና ስብ ሁሉ የሚያጠቁ የኦክስጅን ውላጆች መፈጠራቸው አይቀርም። ጤነኛ ህዋስ ጭሱን የሚያስወጣበት መንገድ አለው፤ ካታሌዝ የተባለው ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ወደ ውኃና ኦክስጅን ይለውጠዋል፣ ግሉታታዮንም የራሱን ድርሻ ይወጣል። ፀሐይ ሲበረታ፣ ቆዳ ሲፈተግ፣ ኬሚካል ሲነካው ወይም በዘር የመጣ ድክመት ሲኖር ግን የሚፈጠረው ከሚወገደው ይበልጣል። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለው ይኸው ነው።

ከዓለም ሕዝብ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ለምጽ አለበት። ጀርመናዊቷ የቆዳ ሐኪም ካሪን ሻልሮይተርና ባልደረቦቿ በ1991 ያወጡት ጥናት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለምጽ ታካሚዎች ቆዳ ውስጥ የካታሌዝ መጠን ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳየ። የሚገርመው ጉድለቱ የታየው በነጣው ቦታ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ገና ቀለሙን በያዘው ቆዳም ላይ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻም ይኸው ቡድን በታካሚዎች ቆዳ ውስጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተከማችቶ ማግኘቱን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የሌሎች ተመራማሪዎች ሥራ ሰንሰለቱን አስረዝሞታል። የተጨነቀው ሜላኖሳይት የጭንቀት ምልክት የሆኑ ፕሮቲኖችን ይለቃል። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ምልክቱን ይሰማል። በዙሪያው ያሉ የቆዳ ህዋሳትም ሲዲ8 የተባሉትን ነጭ የደም ህዋሳት ወደ ቦታው የሚጠሩ ኬሚካሎችን ይረጫሉ፤ የተጠሩትም መጥተው ሜላኖሳይቱን ይገድላሉ። ከእነዚህ ገዳይ ህዋሳት የተወሰኑት ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ እንኳ ቆዳው ውስጥ ይቀመጣሉ። በሕክምና የተመለሰ ቀለም መድኃኒቱ ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ በዚያው በቀድሞ ቦታው የሚጠፋው በእነሱ ምክንያት ነው።

የካታሌዝ ጉድለት ሲታወቅ የመጣው ሐሳብ ተፈጥሯዊ ነበር፤ የጎደለውን ኢንዛይም ሥራ የሚሠራ ቅባት ሠርቶ መቀባት። ሻልሮይተር በማንጋኒዝ ላይ የተመሠረተ፣ «ስዩዶካታሌዝ» የተባለ ቅባት አዘጋጀች። በ1995 ከ33 ታካሚዎች የተገኘው የመጀመሪያ ውጤት እጅግ የሚያበረታታ ነበር፤ ነገር ግን ቅባቱን ካልተቀቡ ታካሚዎች ጋር አልተነጻጸረም። በ2009 የታተመ ጥናት ግማሾቹን ታካሚዎች እውነተኛውን ቅባት፣ ግማሾቹን መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ቅባት እንዲቀቡ አድርጎ ሁሉንም የብርሃን ሕክምና ሰጣቸው። በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ቀለም የመለሰው ብርሃኑ ነበር። ይህ የሻልሮይተርን ግኝት ሐሰት አያደርገውም፤ የሚያሳየው ቅባቱ የሚመጣው ጊዜው ካለፈ በኋላ መሆኑን ነው። ታካሚው ነጩን ቦታ በመስታወት ባየበት ቀን የመከላከያ ሥርዓቱ ጥቃት በራሱ ኃይል እየሄደ ነው፤ የተነሣበት ምክንያት ቢወገድም እሱ አይቆምም። በሽታን የሚያስጀምር ነገር ሁሉ በሽታውን የሚያስቀጥለው እሱ አይደለም፤ የማስታወቂያዎቹ ስሕተት ሁለቱን አንድ አድርጎ መያዝ ነው።

ታዲያ ይህ እውቀት ምን ይጠቅማል? ቆዳን ከምን መጠበቅ እንዳለብን ያሳያል፤ ይህን ከሁሉ በላይ ግልጽ ያደረገው በጃፓን የሆነው ነገር ነው። ካኔቦ የተባለው የታወቀ የመዋቢያ አምራች ሮዶዴንድሮል የተባለ ንጥረ ነገር 2 በመቶ ያለባቸውን ፊት የሚያቀሉ ቅባቶች ይሸጥ ነበር። ንጥረ ነገሩ በአገሪቱ መንግሥት ተፈቅዶ ነበር። ሥራውም ታይሮሲኔዝን ማታለል ነው፤ ኢንዛይሙ ታይሮሲን መስሎት ሮዶዴንድሮልን ይይዛል፣ ሜላኒን መሥራቱንም ይቀንሳል። የተረሳው ነገር ኢንዛይሙ የያዘውን ዝም ብሎ አለመተዉ ነበር። ሮዶዴንድሮልን እየለወጠ ኪኖን የተባሉ መርዛማ ኬሚካሎችን ፈጠረ፣ የኦክስጅን ውላጆችንም አበዛ፤ ብዙ ቀለም የሚሠራው ህዋስ ደግሞ የበለጠ ተጎዳ። በሐምሌ 2013 ኩባንያው ምርቶቹን ከገበያ ሰበሰበ። ከ800,000 ገደማ ተጠቃሚዎች ውስጥ ከ16,000 በላይ የሚሆኑት በፊታቸው፣ በአንገታቸውና በእጃቸው ላይ ነጭ ቦታ ወጥቶባቸው ነበር። ቅባቱን ሲያቆሙ የብዙዎቹ ቀለም ቀስ በቀስ ተመለሰ። አንዳንዶቹ ግን አልተመለሰላቸውም፤ ጥቂቶች ደግሞ ቅባት ያልነካው ቆዳቸው ጭምር ነጣ። የሕክምናው ዓለም የኦክሲዴቲቭ ስትረስን ሰንሰለት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሰው ላይ እንዲህ ግልጽ ሆኖ ያየበት ሌላ አጋጣሚ ጥቂት ነው።

ከዚያ በፊት፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ በአሜሪካ የቆዳ ፋብሪካ የሚሠሩ ሠራተኞች እጅና ክንድ ነጥቶ ተገኝቶ ነበር። ምክንያቱ የለበሱት የጎማ ጓንት ሆነ። በጎማው ውስጥ ሃይድሮኪኖን ከተባለው ቆዳ የሚያቀላ ኬሚካል ጋር የሚዛመድ፣ ሞኖቤንዞን የተባለ ኬሚካል ነበር፤ የተጨመረውም ጎማው ቶሎ እንዳያረጅ በአንቲኦክሲዳንትነት ነው። ለጎማው አንቲኦክሲዳንት የሆነው ለሜላኖሳይቱ መርዝ ሆነ። ሞኖቤንዞን በኋላ መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል፤ ለምጽ ገላቸውን ከሞላ ጎደል ለሸፈናቸው ሰዎች የቀረችውን ቀለም ለዘለቄታው ለማጥፋት። ይህን ያነሣሁት በአንድ ምርት ላይ «አንቲኦክሲዳንት» ተብሎ መጻፉ ስለ ቆዳችን ምንም ዋስትና እንደማይሰጥ ለማሳየት ነው። አንድ ንጥረ ነገር የሚያደርገው ነገር ስሙን ተከትሎ አይመጣም፤ የት እንደገባ፣ በምን መጠን እንደገባና እዚያ የትኛው ኢንዛይም እንደሚያገኘው ይወስነዋል።

እዚህ ላይ ሚዛኑን መጠበቅ ይገባል። አንቲኦክሲዳንት ለለምጽ ምንም አይሠራም ማለት ከመረጃው በላይ መሄድ ነው። በ2007 በጣሊያን የወጣ ጥናት አልፋ ሊፖይክ አሲድ፣ ቫይታሚን ሲና ቫይታሚን ኢ የያዘ ክኒን ለታካሚዎች ሰጠ፤ ከብርሃን ሕክምናው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ተጀምሮ እስከ መጨረሻው የዘለቀ ነበር። ክኒኑን ከወሰዱት 47 በመቶ የሚሆኑት ከሦስት አራተኛ በላይ ቀለማቸው ተመለሰ፤ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ከወሰዱት 18 በመቶ ብቻ። በዚያው ዓመት በፖሊፖዲየም ሉኮቶሞስ፣ በአሜሪካ ሞቃታማ አገሮች በሚበቅል የፈርን ዘር፣ ላይ የተደረገ ጥናት በራስና በአንገት አካባቢ የተመለሰውን ቀለም 44 በመቶ አገኘው፤ በንጽጽር ቡድኑ 27 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ መለኪያ ለጥቂት አላለፈም። በሕንድ በጊንኮ ቢሎባ ላይ የተደረገው ጥናትም ተስፋ ሰጪ ነው። የሁሉም ድክመት አንድ ነው፤ የተሳተፈው ሰው ብዛት በአሥሮች የሚቆጠር ነው። «ትልቅ ጥናት ያልተደረገው ቅጠላ ቅጠልና ቫይታሚን ለኩባንያዎች ትርፍ ስለማያመጣ ነው» የሚል መከራከሪያ ይነሣል፤ እውነትነት አለው። ነገር ግን ጥናት አለመኖሩ ክኒኑ እንደሚሠራ ማስረጃ አይሆንም። ደግሞም ጥሩ ውጤት ከታየባቸው ጥናቶች ብዙዎቹ ክኒኑን የሰጡት ከብርሃን ጋር ነው። ክኒኑን ለብቻው ውጦ ያንኑ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ያልተጠና ነገር እየሞከረ ነው።

ብርሃኑ 311 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው፣ ጠባብ አልትራቫዮሌት ቢ ይባላል። በ2017 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀረ ሥራ እንዳሳየው ለአንድ ዓመት ከታከሙት 36 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከሦስት አራተኛ በላይ ቀለማቸው ተመልሷል፤ በስድስት ወር ግን 19 በመቶ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ወር «አልሠራልኝም» ብሎ መተው ትልቅ ኪሳራ ነው። ፊትና አንገት ቶሎ ይመልሳሉ፤ እጅና እግር ጫፍ ላይ ውጤቱ እጅግ ደካማ ነው። ምክንያቱ ቀለም ሲመለስ በቅርብ ለሚያይ ሰው ግልጽ ይሆናል። ነጩ ቦታ መሐል ላይ መጀመሪያ የሚታዩት የስፒል ራስ የሚያካክሉ ቡናማ ነጥቦች ናቸው፤ እያንዳንዷ ነጥብ መሐል አንዲት ፀጉር አለች። አዲሶቹ ሜላኖሳይቶች የሚመጡት ከፀጉሩ ሥር ከተረፈው ክምችት ነውና ነጥቦቹ እየሰፉ ይገናኛሉ። ፀጉር በሌለበት የጣት ጫፍ ወይም ፀጉሩ ራሱ በነጣበት ቦታ ይህ ክምችት የለም። በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ ሩክሶሊቲኒብ የተባለውን ቅባት 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ታካሚዎች ፈቀደ። ይህ መድኃኒት ኦክሲዴሽንን አይነካም፤ የመከላከያ ህዋሳቱ የሚጠራሩበትን መልእክት ይቆርጣል። በስድስት ወር ገደማ ከተጠቀሙት 30 በመቶ የሚሆኑት የፊታቸው ለምጽ ከሦስት አራተኛ በላይ ተሻሽሏል፤ ባዶውን ቅባት ከተቀቡት 10 በመቶ ያህሉ ብቻ። ለምጽን የሚያስቀጥለው ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ማድያት በተቃራኒው ቀለም የሚበዛበት ችግር ነው። ፀሐይ፣ እርግዝና፣ የወሊድ መከላከያ ክኒንና ዘር ይቀሰቅሱታል፤ በማድያት ታካሚዎች ደም ውስጥም የኦክሲዴቲቭ ስትረስ ምልክቶች ታይተዋል። እዚህ አንቲኦክሲዳንት ትንሽ የተሻለ ቦታ አለው። በ2004 በሜክሲኮ 16 ሴቶች በአንድ ጎን ፊታቸው 5 በመቶ ቫይታሚን ሲ፣ በሌላው 4 በመቶ ሃይድሮኪኖን ተቀቡ። ከ16 ሳምንት በኋላ ጥሩ ውጤት ያገኙት በቫይታሚን ሲ በኩል 62.5 በመቶ፣ በሃይድሮኪኖን በኩል 93 በመቶ ነበሩ። ማቃጠልና መቅላት ግን በሃይድሮኪኖን ወደ 69 በመቶ ሲደርስ በቫይታሚን ሲ 6 በመቶ ብቻ ነው። ደካማ ግን የዋህ መድኃኒት ነው ማለት ነው። ከእሱ በላይ ለጠይምና ለጥቁር ፊት የሚጠቅመው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው፤ ማድያትን የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በዓይን የሚታየው ብርሃን ጭምር ነው፤ ተራው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ደግሞ ይህን አያግድም። የሚያግደው አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት፣ የፊት መልክ ያለው ቅባት ነው። በከፍታ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ላለችው አዲስ አበባ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ፀሐዩን ደካማ አያደርገውም። ነጠላ ወይም ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥላና ቀለም ያለው ቅባት አንድ ላይ ሲሆኑ የኦክሲዴቲቭ ስትረስ ጫና ከመነሻው ይቀንሳል።

«ቢያንስ ቫይታሚን አይጎዳም» የሚለው መከራከሪያ ከሁሉም ይበልጥ የተለመደ፣ ከሁሉም ይበልጥም አሳሳች ነው። በፊንላንድ ከ29,000 በላይ ወንድ አጫሾች የተሳተፉበትና በ1994 ውጤቱ የወጣው ጥናት ቤታካሮቲን በክኒን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 18 በመቶ ጨምሮ አገኘው። በአሜሪካ ቫይታሚን ኢ ለብዙ ዓመት የወሰዱ ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰራቸው 17 በመቶ በልጦ ተገኘ። ብርቱካን፣ ጎመንና ቲማቲም መብላት ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ችግሩ ከምግብ በማይገኝ መጠን ለረጅም ጊዜ መዋጥ ላይ ነው። ቆዳን ለማንጣት በደም ሥር የሚሰጠው ግሉታታዮን ደግሞ የባሰ ነው። በፓኪስታን በ2016 የወጣ ጥናት መርፌውን ከጨረሱት 16 ሰዎች ስድስቱ፣ ባዶውን ከወሰዱት 16 ሦስቱ የቆዳ ቀለማቸው መንጣቱን ዘገበ። ከስድስት ወር በኋላ ለውጡ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ በበርካቶች ላይ የጉበት ምርመራ ተዛብቷል፣ አንድ ሰውም ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ደርሶበታል። የፊሊፒንስ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ2011 ጀምሮ ስለዚህ መርፌ አስጠንቅቋል። በአገራችንም ሆነ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየሳሎኑ ይህ ሲቀርብላቸው እምቢ እንዲሉ ከልብ እለምናለሁ።

የሚቀረው ከባድ ተቃውሞ የአቅም ነው። ሩክሶሊቲኒብ ውድ ነው፣ የብርሃን መሣሪያ ያለበት ቦታ ጥቂት ነው፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለመመላለስ የትራንስፖርት ገንዘብና ከሥራ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ታዲያ ክኒኑን የሚገዛው ሰው ምን ያድርግ? ለእኔ መልሱ ከላይ ካነሣሁት ሳይንስ ይወጣል። ጫናውን መቀነስ ርካሹ ሕክምና ነው። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን የሚያቀላ ቅባት ማቆም ምንም አያስወጣም፤ በእንዲህ ያሉ ቅባቶች ውስጥ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን፣ አንዳንዴም ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ ይገኛል። በለምጽ ላይ ደግሞ ቀበቶ፣ የሰዓት ማሰሪያና ጠባብ ጫማ የሚፈትጉት ቦታ ላይ አዲስ ነጭ እንደሚወጣ የታወቀ ነው፤ ልብስና ጫማን ማላላት፣ ቆዳን በሻካራ ነገር አለመፈተግ ከብዙ ክኒን ይበልጣል። ሌላው መዘግየት ነው። በየገጠሩም በየከተማውም ለምጽ ከሥጋ ደዌ ጋር ስለሚምታታ ታማሚው ይሸሸጋል፤ በሽታው በቀላሉ የሚገታበት ጊዜም በመሸሸግ ያልፋል። ለምጽ አይተላለፍም። የነጣው ቦታ ሲነካ ይሰማል፤ የሥጋ ደዌ ምልክት የሆነው ቦታ ግን ስሜቱ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርት ዛሬ የቆዳ ሕክምናም የሚሰጥበት ቦታ ነው፤ ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ ምርመራ ነው።

በቅርብ ወራት አዲስ ነጭ ቦታ ከወጣባችሁ ወይም የነበረው እየሰፋ ከሆነ ክኒን ከመግዛታችሁ በፊት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስትሄዱም እስከ ዛሬ የተቀባችሁትን ቱቦና ብልቃጥ ሁሉ፣ ስም የሌለውን ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ማወቅ ያለበት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። አንቲኦክሲዳንት ለመጀመር ካሰባችሁም የትኛውን፣ በምን መጠንና ከየትኛው ሕክምና ጋር እንደሆነ እዚያው ጠይቁ።